የወዛደሩ ጠላት ስደተኛው አይደለም

የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ወዛደሮች ብሪታንያ ከደረሰባት ትምህርት ሊቀስሙ ይገባል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 52 ከመቶው ድምፅ ሰጪ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን መረጠ። የደመወዝ ማነስና የሐኪም ቤት ወረፋ ላስመረረው ወዛደር፣ የችግሩ ምንጭ የፖላንድና የሩማንያ ሠራተኛ እንደሆነ ተሰብኮለት ነበር። ኅብረቱ የከበርቴዎች ገበያ መሆኑን አንክድም። የመውጣቱ ውጤትስ ምን ሆነ?

በ2021 መባቻ የሠራተኞች ነፃ ዝውውር ቀረ። ከበርቴው ግን ርካሽ ጉልበት መሻቱን አልተወም። የአረጋውያን መጦሪያ ድርጅቶች ከሕንድ፣ ከናይጄሪያና ከዚምባብዌ ሠራተኞችን አስመጡ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ብዙዎቹ ተበደልን ለማለት እንኳ ፈሩ። ጉልበቱን በፍርሃት የሚሸጥ ሠራተኛ ባለበት ደግሞ የአገሬውም ደመወዝ ከፍ አይልም።

ዕዳውስ በማን ጫንቃ ላይ ወደቀ? የአገሪቱ የበጀት ገምጋሚ መሥሪያ ቤት ምርታማነት በረጅም ጊዜ በ4 ከመቶ ዝቅ እንደሚል ገምቷል። በየወደቡ የተጨመረው ፍተሻም የምግብን ዋጋ አንሯል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያራቁተው የላብ አደሩን ገበታ ነው።

ስለዚህ ወዛደሩ ሊጠይቅ የሚገባው «ማን ገባ?» ብሎ ሳይሆን «ላቤን ማን በላው?» ብሎ ነው። የመጤውና የአገሬው ሠራተኛ መብት በአንድነት ካልተጠበቀ በተናጠል ሊጠበቅ አይችልም!