ስለ ድረ ገጽ ክፈፍ

ቀደምት ጸሐፍት ብራናውን ፍቀው ካለሰለሱ በኋላ ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር አስምረው፣ ዓምዱን ከኅዳጉ ሳይለዩ ብርዓቸውን ከቀለም አያገናኙም ነበር፤ የገጽ ሥርዐት ጽሕፈትን እንደሚቀድም ጠንቅቀው ያውቃሉና። ዛሬ ድረ ገጽ የሚያሰናዱልን ባለሙያዎች ይህን ቅደም ተከተል እየዘነጉት ይመስለኛል።

ዝንጋታቸው በክፈፍ አያያዝ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኔትስኬፕ 2.0 የተባለው የድር ማሰሻ ያስተዋወቀው ክፈፍ (ፍሬም)፣ አንዱን መስኮት ከፋፍሎ በየክፍሉ ሌላ ሌላ ገጽ ያሳይ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አድራሻው ስለማይለወጥ፣ ያገኘውን ቁም ነገር ለወዳጁ ቢልክ የሚደርሰው የመግቢያው ገጽ ብቻ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል 5፣ ይህን መሰሉን ክፈፍ ሽሮ፣ በገጽ መካከል የሚተከለውን አይፍሬም ግን አቆይቷል፤ ወቀሳዬም በዚህ በቀረው አያያዝ ላይ ነው።

በሸዋ ሮቢት ማሾ የሚነግድ ሰው ወይም ከይፋት ቆላ ሽንኩርት የሚያመጣ ገበሬ ዋጋ ልይ ቢል መሣሪያው የእጅ ስልኩ ነው። የዋጋው ሠንጠረዥ ወርዱ 800 ፒክስል ተብሎ በተቸነከረ አይፍሬም ውስጥ ከገባ፣ 360 ፒክስል ብቻ በሚይዘው ስልክ ላይ የእህሉ ስም ይታይና ዋጋው ከቀኙ ጠርዝ አልፎ ይሰወራል፤ ይባስ ብሎ፣ ከሌላ ገጽ የተጎተተው ጌጥ ሁሉ በባለ ስልኩ ካርድ ይወርዳል። ይህ በደል ነው እላለሁ። የክፈፉ ወርድ በመቶኛ ይሰጥ፤ ዐይነ ስውሩም በድምፅ ሲያስነብብ በውስጡ ምን እንዳለ ያውቅ ዘንድ ርእስ ይጻፍለት፤ የዋጋ ሠንጠረዥ ከሆነ ግን ያለ አንዳች ክፈፍ በገጹ ላይ ራሱ ይስፈር።