ቁጥር ይከለከላል ወይ?

የሕግ ተማሪ ሳለሁ በወንጀል ሕግ ትምህርት መጀመሪያ የተነገረን፣ ሕግ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ሐሳብን አይደለም የሚል ነበር። ቁጥርን ይቀጣ እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ከሌሎች ጋር ሆኖ የዲቪዲ ፊልሞችን ቁልፍ የሚፈታ ‹‹ዲሲኤስኤስ›› የተሰኘ አጭር ፕሮግራም አወጣ። የሆሊውድ ኩባንያዎች ኒውዮርክ ላይ ክስ መሥርተው፣ በ2000 አንድ መጽሔት ፕሮግራሙን በድረ ገጹ እንዳያወጣ አሳገዱ። ልጁ ግን በአገሩ ፍርድ ቤት በ2003 ሁለት ጊዜ ነፃ ወጣ።

በዚህ መሃል፣ በማርች 2001፣ ፊል ካርሞዲ የተባለ ሰው አንድ ተንኮል አሰበ። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ የ0 እና የ1 ሰልፍ ስለሆነ እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር ሊነበብ ይችላል። ካርሞዲ የታገደውን ፕሮግራም ጨመቀና ከኋላው ትርፍ አሃዞች እየለዋወጠ ለጠፈበት። የተጨመቀውን የሚፈታው ሶፍትዌር ትርፉን ቸል ስለሚል ፕሮግራሙ አይበላሽም። እንዲህ እያለ ከ1,400 በላይ አሃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ እንደ 7 እና 13 ሁሉ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል። ለምን ብቸኛ እንዲሆን ፈለገ? ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን እየዘረዘሩ ማውጣት የሒሳብ ሰዎች ልማድ ነውና፣ ቁጥሩ በራሱ የሚታተምበት ምክንያት እንዲያገኝ ነው።

ሊበርታሪያኖች (እኔም ከነሱ ወገን ነኝ) በዚህ ተደሰቱ። ቁጥርን ማን ፈጥሮት ማን ይከለክለዋል? አሉ። እኔም ስቄአለሁ። ሕግ የተማረው ጭንቅላቴ ግን ዝም አላለኝም። በዚህ ስሌት የኤቲኤም ምሥጢሬም፣ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠው የሕክምና መዝገቤም ቁጥር ነው። ቁጥር ሁሉ አይከለከልም ካልን የማንም ገመና አይጠበቅም። ለነፃነት የሚሟገት ሰው ይህን ክርክር ይዞ ችሎት ባይቀርብ ይሻለዋል። የይግባኙ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2001 የፕሮግራም ጽሑፍ በንግግር ነፃነት እንደሚጠበቅ ተቀብሎ፣ የሚሠራው ሥራ ግን ሊገደብ ይችላል በማለት ዕግዱን አጸና።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዕግዱ ያረፈው በሌባው ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ላይ ነው። የገዛውን ዲቪዲ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ማየት የፈለገውም፣ ፊልም እያባዛ የሚቸበችበውም እኩል ተነፈጉ።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል ሲያደርግ፣ በስካይፕ ከዘመዱ ጋር የሚያወራው ሁሉ ‹‹እኔስ?›› ብሎ ተጨነቀ። ባለሥልጣናት ዒላማው ተራው ተጠቃሚ አለመሆኑን አስረዱ። ማብራሪያቸው ግን በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም። ያን ሰሞን አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፣ ውጭ አገር ያለችውን ልጃቸውን በኮምፒዩተር ማነጋገር ይቅርባቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩና ‹‹ማንም አይከስዎትም›› አልኳቸው። ‹‹አልተከለከለም›› ለማለት ግን አልደፈርኩም።