ማሽኑ ያልሠራው ስህተት በማን ሒሳብ?

የአዲስ አበባ የግል ላቦራቶሪዎች ደንበኛ የሚጠሩት በማሽን ነው። «ዘመናዊ» እና «አውቶማቲክ» የሚሉት ቃላት ከታፔላው አንሥቶ እስከ ውጤት ወረቀቱ ድረስ ይነበባሉ። ስህተቱ ግን በአብዛኛው የሚፈጠረው ናሙናው ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ ነው።

በጣሊያን የፓዶቫ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ፕሌባኒና ካራሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ በአስቸኳይ ምርመራ ላቦራቶሪው ከተገኙት ስህተቶች 68.2 በመቶው ከምርመራው በፊት የተፈጸሙ ነበሩ፤ በምርመራው ወቅት የተፈጠሩት 13.3 በመቶ ብቻ። በ2007 ጥናቱ ሲደገም የፊተኛው ድርሻ 61.9 በመቶ ሆነ። አሥር ዓመት ሙሉ ችግሩ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም ማለት ነው።

ፓዶቫ ሩቅ ናት፤ የደም ጠባይ ግን እዚህም እዚያም አንድ ነው። በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዱና በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወጥቶ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ሐምራዊ ክዳን ካለው ቱቦ ጥቂት ደም ወደ ሌላው ቢገለበጥ፣ እንዳይረጋ የተጨመረበት ኬሚካል ፖታሲየሙን ከፍ፣ ካልሲየሙን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ለስኳር ምርመራ የተቀዳ ደም በተራ ቱቦ፣ ሕዋሳቱ ሳይለዩ በክፍል ሙቀት ከቆየ ደግሞ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ስኳር ይቀንሳል። የስኳር ሕመምተኛው «ደህና ነዎት» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። ማሽኑ በበኩሉ የሰጡትን በትክክል ለክቷል!

ሸማች ቲማቲም ሲገዛ አገላብጦ ያያል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈለትን ቁጥር ግን ሊያገላብጥ አይችልም። ላቦራቶሪውም የተበላሸ ናሙና ቢመልስ ጊዜ ያጣል፣ ደንበኛ ያስቀይማል፤ ዝም ብሎ ቢሠራው ሒሳቡን ይቀበላል። ሐኪሙ ተጠራጥሮ «ይደገም» ሲል ታካሚው እንደገና ከከፈለ፣ ለስህተቱ ጉርሻ ተሰጠ ማለት ነው።

አይኤስኦ 15189 የተባለው የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ ከምርመራው በፊት ያለውንም ሥራ ይመለከታል። ገበያው ግን የምስክር ወረቀት ብቻ ሳይሆን ዋጋም ያስፈልገዋል። በላቦራቶሪው ጥፋት የሚደገም ምርመራ በነፃ ይሁን፤ በወሩ ስንት ናሙና ለምን እንደተመለሰም በግልጽ ይለጠፍ። ብዙ የመለሰው መጀመሪያ ላይ ሰነፍ ይመስል ይሆናል። አንድም አልመለስኩም የሚለውን ግን ደንበኛው ደጋግሞ ቢጠይቀው አይከፋም።