የተበተነውን ጀመዓ ማን ይፈልገው? የዲጂታል ካርታ ለዚያራና ለጀናዛ

በአዲስ አበባ የመልሶ ማልማት ታሪክ ውስጥ ልደታ ቀድመው ከሚነሱት ሰፈሮች አንዷ ናት። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቆዩ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃዎች ቆሙ፤ ከነዋሪው ብዙው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የፒያሳንና የካዛንቺስን ነዋሪዎች በተመሳሳይ መንገድ ከቦታቸው አንስቷል። ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ብዙ ተብሏል። ከመስጂዱ ሶፍ ስለጎደለው ሰው ግን ገና በቅጡ አልተነጋገርንም።

በድሮው ሰፈር ኢማሙ መዝገብ አያስፈልጋቸውም ነበር። አንድ አባት ሁለት ቀን ከሱብሂ ሶላት ከቀሩ ጎረቤት ያንኳኳል፤ ሰው ከታመመ ወሬው ከአስር ሶላት በፊት መስጂድ ይደርሳል። አሁን እኚያው አባት ጀሞ ወይም ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የቀድሞው ጀመዓ አዲሱ ተቀብሏቸዋል ብሎ ያስባል፤ አዲሱ ጀመዓ መኖራቸውንም አያውቅም። በዚህ መሃል ሰው ዱዓ የሚያደርግለት አጥቶ ይታመማል፣ ሐዘኑንም ብቻውን ይይዛል።

ይህ የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ መስጂድ ትጠርግ የነበረች ሴት ስትሞት ሶሓቦች ነገሩን አቅልለው ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይነግሩ ቀበሯት። ነብዩ ግን ስትጠፋባቸው ጠየቁ፣ ለምን እንዳልነገሯቸውም ወቀሱ፤ ከዚያም መቃብሯን እንዲያሳዩዋቸው አዘው በዚያው ሰገዱባት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የጎደለውን ሰው ማስተዋልና ያለበትን ቦታ ማወቅ። የመጀመሪያው የልብ ሥራ ነው። ለሁለተኛው በዚህ ዘመን መሣሪያ አለን።

ካርታው ምን ይጠቅማል?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው ልደታ ክፍለ ከተማ ነው። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር የካንሰር ሕመምተኞች ከወሎም፣ ከባሌም፣ ከጅማም ሲመጡበት ኖረዋል። ከሩቅ የመጣ አስታማሚ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ቅርብ መስጂድ የት ነው? ለሴቶች መስገጃ አለው? ሕመምተኛዬን መጥቶ የሚጠይቅልኝና የሚያጽናናልኝ ማን ነው? አላህ ከወሰደውስ ጀናዛውን የሚያጥበውና ወደ አገር ቤት የሚያሸኘው ማን ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው በከተማው አለ። መረጃው ግን በግለሰቦች ስልክ ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል።

ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ ከ2004 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ማንም በነፃ መረጃ የሚያስገባበት ነው። ስልክ የያዙ ጥቂት ወጣቶች የክፍለ ከተማውን መስጂዶች፣ የሴቶች መግቢያን፣ የዉዱእ ቦታን፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች በርን፣ የጀናዛ ማጠቢያንና መድረሳዎችን ሊያሰፍሩበት ይችላሉ። ነገሩ ለአፍሪካም አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ) ይፋ ባደረገው ጥናት በዛምቢያና በሌሶቶ የሃይማኖት ተቋማት ለጤና የሚሰጡት አገልግሎት በካርታ ተመዝግቦ ነበር። ጥናቱ የጤና ባለሥልጣናት ያላዩትን ብዙ ድጋፍ አሳይቷል።

ሁለተኛው ጥቅም የተበተነውን ጀመዓ መልሶ ማየት ነው። አንድ መስጂድ የቀድሞ ሰጋጆቹ በየትኞቹ ሳይቶች እንደሚኖሩ ካወቀ፣ ጀሞ ያሉትን የሚዘይር አንድ ቡድን፣ ገላን ያሉትን የሚዘይር ሌላ ቡድን መመደብ ይችላል። ሰው በዝቶ መስጂድ የራቀበት ሳይትም ይታያል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የደረሰውን ሐዘን አንረሳውም። ካርታ የይዞታ ማረጋገጫን አይተካም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው መጅሊስ የአምልኮ ቦታ ሲጠይቅ ፍላጎቱን በማስረጃ አስደግፎ እንዲያቀርብ ይረዳዋል።

አደጋው

ካርታ ሲነሳ የሚሰጋ ሰው ካለ ስጋቱ መሠረት አለው። የኒውዮርክ ፖሊስ ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ) ጥቃት በኋላ የሙስሊሞችን መስጂዶች፣ ሱቆችና ካፌዎች እየለየ የሚመዘግብ ክፍል ነበረው፤ ጉዳዩ በ2011 በጋዜጠኞች ተጋለጠ፣ ክፍሉም በ2014 ተዘጋ። በ2020 ደግሞ በሚሊዮኖች ስልክ ላይ የሚገኘው ሙስሊም ፕሮ የተባለ የሶላት ሰዓት መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለመረጃ ነጋዴ ኩባንያ ሲያቀብል እንደነበር ተዘገበ። ኩባንያው ያን መረጃ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ተቋራጮች ይሸጥ ነበር። እኛም ብንሆን ከ2004 ዓ.ም. በኋላ ባሉት የእስር ዓመታት ስም ዝርዝር በማን እጅ እንዳለ መጠየቅን ተምረናል።

ስለዚህ የቦታ ካርታና የሰው ካርታ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም። የቦታው ካርታ ለሁሉም ይከፈት። የሰዎች መረጃ ግን ኢንተርኔት ላይ አይውጣ፤ በቴሌግራም ግሩፕም አይዘዋወር። የቤት ቁጥር ሳይጻፍ ሰፈሩ ብቻ ይመዝገብ፤ ይህም ባለቤቱ ፈቅዶ ሲሆን ብቻ ነው። የሴቶችን መረጃ ሴቶች ይያዙ። የሰው ሕመም፣ የትዳር ችግርና ዕዳ አይጻፍ። ማቋረጥ የፈለገ ሰው ስሙ በዕለቱ ይሰረዝ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መከታተልን ከልክሏል፤ የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሃይማኖትና የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቧቸዋል። ይህን ጥንቃቄ ማድረግ የማይችል መስጂድ በቦታ ካርታው ብቻ ቢወሰን ይሻለዋል።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በልደታ አንድ መስጂድ፣ ኢማሙ፣ ሁለት ሴቶችና ጥቂት ወጣቶች ከረመዳን በፊት ሊያስጀምሩት ይችላሉ። መጀመሪያ በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ያለውን ይመዝግቡ፤ ስልኩን አንስቶ መልስ የሚሰጥ ተረኛም ይመድቡ። ተረኛው ስልኩን ካላነሳ፣ ካነሳም በኋላ ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚሄድ ሰው ከሌለ፣ ካርታው ለዚያ አስታማሚ ምንም አልጠቀመውም። ሰው ከተገኘ ግን ከሩቅ የመጣው ሕመምተኛ የሚጠይቀው ወንድም፣ ጀሞ ያሉት አባትም በራቸውን የሚያንኳኳ ያገኛሉ፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።