አሮጌው ውሻና አዲሱ ቡችላ በአንድ ግቢ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ ጽዳት፣ ስለ መንገድ መብራትና ስለ ጥበቃ መዋጮ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ደግሞ ስለ ውሻ እንጽፋለን። «ውሻ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆነና ነው!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአጠና ተራ እስከ ቀራንዮ ድረስ በውሻ የሚጠበቀው ግቢ ጥቂት አይደለም፤ ከየግቢው ከሚጣሉት ውሾች የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ውሻ ያለውንም የሌለውንም ቤት ያንኳኳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ግቢ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ውሻ ያረጃል። ጆሮው ይደነዝዛል፣ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ኮሽ ሲል ይነሣ የነበረው በክረምት ሌሊት ከጆንያው ላይ መነሣት ያቅተዋል። ባለቤቱም «ይኼማ አበቃለት» ይልና ቡችላ ያመጣል። ቡችላ ማምጣቱ ደግ ነው፤ እኛም አንቃወምም። ክፉው ነገር የሚመጣው ከሦስት አራት ቀን በኋላ ነው። አሮጌው ቡችላውን ነክሶት ይገኛል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ «ቀንቶ ነው፣ ምቀኛ!» ብሎ ይፈርድበታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ተከፍቶ «ውጣ!» ይባላል። የባሰበት ደግሞ በመኪና ጭኖ ቆሼ አካባቢ ወይም ከከተማው ዳር ጥሎት ይመለሳል። በከተማችን ዳርቻ ጅብ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይወርዳል፤ ጥርሱ የረገፈ ውሻ ደግሞ ለጅብ ቀላል እራት ነው።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ውሻው አልቀናም። ጠቡን ያመጣው ሰው ሁለቱን ያገናኘበት መንገድ ነው።

እስቲ አስቡት። በሰፈራችን ልማድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ቡችላው ግን ትንሽ ነው ተብሎ ቀኑን ሙሉ በግቢው ውስጥ እንደ ልቡ ይሮጣል። ሁለት ወር የሆነው ቡችላ ከእናቱ ገና መለየቱ ስለሆነ ያየው ትልቅ ውሻ ሁሉ እናቱ ይመስለዋል፤ አፉን ይልሰዋል፣ ጅራቱን ይጎትተዋል፣ ጀርባው ላይ ይወጣበታል፣ ከጣሳው ውስጥ አፍንጫውን ይከታል። አሮጌው ያልታሰረ ቢሆን ኖሮ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይሄድለት ነበር። ነገር ግን አንገቱ ላይ ሰንሰለት አለ። መሸሽ የማይችል እንስሳ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሽማግሌ ውሻ መገጣጠሚያ ይታመማል፤ ቡችላው ወገቡ ላይ ሲዘል እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ዱላ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አሮጌው በታሰረበት ሰዓት ቡችላውን መልቀቅ ከሁሉ የከፋ አያያዝ ነው። ቡችላው ወይ በሳጥን፣ ወይ በትንሽ የእንጨት አጥር ይከለል፤ አሮጌው ደግሞ ቡችላው የማይደርስበት የራሱ ማረፊያ ይኑረው።

ስለ ማጉረምረምም እንናገር። ብዙ ሰው አሮጌው ሲያጉረመርም ዱላ ያነሣል። ኧረ ይተው! ማጉረምረም የውሻ ንግግር ነው፤ «በቃህ፣ ራቅ በል» ማለቱ ነው። ብዙ ቡችሎችም ይህን ሰምተው ሥርዓት ይማራሉ። ሲያጉረመርም እየተመታ የኖረ ውሻ ማጉረምረሙን ይተው ይሆናል፤ መንከሱን ግን አይተውም፤ ያን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከሚያጉረመርመው ይልቅ ጭራሽ ድምፅ ሳያሰማ ሰውነቱን አድርቆ ዓይኑን ቡችላው ላይ የሚተክለው ነው የሚያሰጋው። ይህን ስታዩ ያለ ጩኸት ቡችላውን አንሥታችሁ ለዩአቸው።

የመጀመሪያው መተዋወቅ ከሁሉ ይበልጣል። ውሻ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው፤ ስለሆነም ቡችላው ሊመጣ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው የተኛበትን ጨርቅ አምጥታችሁ አሮጌው አጠገብ ጣሉለት፤ አሽትቶ ይጥገብ። ከዚያም ስታገናኟቸው ከገዛ ግቢው በር ላይ አይሁን፤ ያ በር እንግዳ እንዳያስገባ ስምንት ዓመት ሲቀለብበት የኖረ በር ነው፤ ታዲያ ሥራውን ቢሠራ ምን ያስቆጣል? ውጭ ይሁን እንዳንል መንገድ ላይ ባልተከተበ ቡችላ ከሌሎች ውሾች ኩስ የሚተላለፍ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትል ገዳይ በሽታ አለ። የሚሻለው ውሻ የሌለው ጎረቤት ግቢ ነው። እርግጥ ውሻ የማያቀርቡ ጎረቤቶች አሉን፤ ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ውሻ እንዲልሰው አይፈልግም፤ ይህን አክብሮ የሚፈቅደውን ቤት መጠየቅ፣ ሰዓቱንም መምረጥ ነው። አንድ ሰው አሮጌውን በገመድ ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ቡችላውን ያወርዳል፤ ይሸታተቱ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለያዩ፤ እንደገና ይገናኙ። ወደ ቤት ሲመለሱም አሮጌው ቀድሞ ይግባ፣ ቡችላው ይከተል።

ምግብ ላይ አደራችሁን። ሁለት ጣሳ፣ በሁለት ጥግ፣ መጀመሪያ ለአሮጌው። በመካከላቸው አጥንት አይጣል። በተለይ የፋሲካና የአረፋ ሰሞን ግቢው በአጥንት በሚሞላበት፣ እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ቡችላ ማምጣት ጠብ መጥራት ነው። በሁዳዴም ቢሆን የክርስቲያኑ ቤት ትርፍራፊ ይሳሳል፤ የተራበ ውሻ አዲስ መጪ ከጣሳው ሲሻማው ይታገሣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ለቡችላው የገዛችሁትን ያህል ለአሮጌውም ትንሽ ጨምሩለት። (የዶሮ አጥንት ግን ለሁለቱም አይሰጥ፤ የተቀቀለው ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋል።)

ሌሊት ደግሞ አሮጌው ሲፈታ ቡችላው ማድ ቤት ይደር። ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያለ ጠባቂ ብቻቸውን አይተዉ። ጠዋት ተነሥቶ የሞተ ቡችላ ማግኘት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ «ተላምደዋል» ተብሎ በሁለተኛው ሌሊት በአንድ ላይ ከመልቀቅ ነው።

ይህን ሁሉ መድከም ለምን? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በማን ላይ መጮኽ እንዳለበት ግን ማን ያሳየው? ቆራሌው በቀን ሲያልፍ ዝም የሚለው፣ ማታ አጥር ሲነቀነቅ የሚነሣው አሮጌው ነው። ቡችላው አጠገቡ ሆኖ እሱ ሲነሣ ይነሣል፣ እሱ ሲተኛ ይተኛል። አሮጌውን አባርሮ ቡችላ ብቻ ያስቀረ ግቢ ውስጥ ለጎረቤት ልጅም ለነፋሱም እኩል የሚጮኽ ውሻ ያድጋል፤ ከዚያ «እንቅልፍ አጣን» የሚል አቤቱታ ወደ ማኅበራችን ይመጣል።

ከጩኸቱ የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከግቢ የተጣለ ውሻ የሚያስከትበው ባለቤት የለውም፤ መንገድ ላይ ከሌላው ይናከሳል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በዚያው መንገድ ነው። በሽታው ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን ክትባት አለው። ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ሜይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1885) ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን መሥሪያ ቤት «ፓስተር» እያለ የሚጠራውም በዚሁ ሰው ስም ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ ከመግደል ይልቅ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በከተማችን በየጊዜው የባዘኑ ውሾች በመርዝ ተገድለዋል፤ በሽታው ግን አልጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታውን የሚገታው ከመቶ 70 የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው። ስለዚህ አሮጌው ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ይከተብ፤ ቡችላውም ሦስት ወር ሲሞላው፤ ከዚያ ሁለቱም በየዓመቱ።

እንግዲህ ሁሉ ተደርጎ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነስ? ይኼም ይገጥማል። ሁለት ወር ሙሉ ተሞክሮ አሁንም ደም የሚፋሰሱ ከሆነ አንዱ መሄድ አለበት፤ የሚሄደው ግን ቡችላው ይሁን። ቡችላ ወስዶ የሚያሳድግ ሰው በዚሁ በሰፈራችን አይጠፋም፤ ፈላጊ ያለው ቤት ይህን ሰሌዳ አይቶ ለማኅበሩ ጸሐፊ መናገር ይችላል። አሮጌውን የሚወስድ ግን አይገኝም።