ገደብ ማላላት ዕውቀት አይደለም

ከገርጂ እስከ ጉርድ ሾላ፥ በቦሌ በኩል ተከራይተን የምንኖር የሥነ ሕይወት ተማሪዎች፥ ማታ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበን እናጠናለን። ባለፈው ሰሞን ለልምምድ ያወረድነው፥ በቀጥታ ከአክታ የተነበበ የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ከመመዘኛው ጂኖም ጋር አልገጥም ብሎ አስቸገረን። ከንባቦቹ እኩሌታው ቦታ አጣ። ምን አደረግን? «ኤን» የሚባለውን ትእዛዝ ከ0 ወደ 1 ከፍ አደረግን፤ ጥቂት ጨመረ። ቀጥሎም የነጥቡን ገደብ አላላን፤ ብዙ ጨመረ። ደስ ብሎን ቡና አፈላን። ደስታችን ግን የስንፍና ደስታ ነበረ።

በመጀመሪያ ነገር የነካነውን አላወቅነውም። ቦውታይ 2 በተባለው ፕሮግራም «ኤን» ማለት በንባቡ ሁሉ የሚፈቀደው ልዩነት የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም። ፕሮግራሙ ፍለጋውን ለሚጀምርባት አጭር ቁራጭ፥ በተለመደው አሠራር ለ22 ፊደል፥ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ከ0 ወይም ከ1 በቀር ሌላ ቍጥር አይቀበልም። የሙሉውን ንባብ ዕጣ የሚወስነው የነጥቡ ገደብ ነው። ባለ 150 ፊደል ንባብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመዘን ገደቡ ከዜሮ በታች 90.6 ነው፤ በጥራት በተነበበ ፊደል ላይ የሚገኝ አንድ ልዩነት 6 ነጥብ ያስቀንሳል። እንግዲህ ማንም ሳይነካው እስከ 15 ልዩነት ተፈቅዷል ማለት ነው።

ይህ ያንሳልን? ከመካከላችን አንዱ «መመዘኛው የባዕድ ስለሆነ ነው» አለ። እውነት ነው፤ ኤች 37 አር.ቪ. የተባለው መመዘኛ የዘር ምንጩ በ1905 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ ሲሆን፥ 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደሉ ተነቦ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን፥ ይልቁንም በወልድያ አካባቢ፥ የተገኘው «ሰባተኛው የዘር ሐረግ» ደግሞ ለዚህ መመዘኛ የሩቅ ዘመድ ነው። ቢሆንም ተደጋጋሚ ከሆኑት ክፍሎች በቀር፥ ሁለቱ ከሺህ ፊደል በአንዱ እንኳ አይለያዩም። ከባለ 150 ፊደሎቹ ንባቦች አብዛኞቹ አንድም እውነተኛ ልዩነት የላቸውም። 15 ተፈቅዶለት አልገጥም ያለ ንባብ ችግሩ የገደብ ጥበት አይደለም።

ኋላ ያልገጠሙትን ለይተን አየናቸው። ከፊሎቹ በቤተ ሙከራ የሚቀጠለው ቅጥያ ጫፋቸው ላይ ቀርቷል፤ የቀሩት የሰውና የሌላ ባክቴሪያ ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ መድኃኒቱ ቅጥያውን መቍረጥ፥ ለሁለተኞቹ መለየትና ማስወገድ ነው። እኛ ግን ገደቡን አላልተን ባዕዱን ሁሉ ቤተ ዘመድ አድርገን አስገባነው!

ይህስ ምን ይጎዳል? የራይቦዞም ጂን በባክቴሪያዎች ዘንድ እጅግ ስለሚመሳሰል፥ የሌላው ንባብ በላላ ገደብ ገብቶ በነቀርሳው ጂን ላይ ይለጠፋል። በዚሁ ጂን 1401ኛዋ ፊደል ብቻዋን ብትለወጥ ባክቴሪያው አሚካሲንን ይቋቋማል። የባዕድ ንባብ ሲበዛ እውነተኛው ለውጥ ሊዋጥ፥ በጂኑ ውስጥ የሌለውም ያለ ሊመስል ይችላል። ዛሬ ለልምምድ የምንሠራውን ነገ በሆስፒታል ስንሠራው የማይረዳው መድኃኒት የሚሰጠው፥ የሚረዳው የሚከለከለው ሕመምተኛ አለ። እርሱ ስለ መቶኛችን ግድ የለውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሦስት ነገር እንልመድ። ቍጥር ከመንካታችን በፊት ያልገጠሙትን እንመልከት። አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ እንለውጥ። በመመረቂያ ጽሑፋችንም መቶኛውን ብቻ ሳይሆን የተጠቀምንበትን ገደብ እንጻፍ፤ መምህራኖቻችንም ይህን ይጠይቁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አፍስሰናል፤ እናንተ ግን ሳታፈሱ ተማሩ።