የመተማ ተማሪዎች ምርጫ፦ የት ልማር ወይስ ምን ልማር?

የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈ የመተማ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ልማር?» ብሎ ነው። ገቢውን ለሚያስብ ግን «ምን ልማር?» የሚለው ይቀድማል። የመንግሥት ደመወዝ በሥራ ደረጃ ስለሚወሰን፣ በአንድ መደብ የተቀጠሩ የጎንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መነሻ ክፍያቸው እኩል ነው። የወጪ መጋራት ዕዳውንም ኹለቱም ከገቢያቸው ይመልሳሉ።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የትምህርት መስኩ ነው። የምዕራብ ጎንደር ሰሊጥ በአብዛኛው እሴት ሳይጨመርበት ወደ ውጭ ይላካል፤ የቆላው ካላዛርና ወባም የጤና ባለሙያ ይሻሉ። የምግብ ማቀነባበርም ኾነ የጤና ትምህርት ከዚህ ፍላጎት ጋር የተሳሰረ ነው።

ይሁን እንጂ ፍላጎት ብቻውን ደመወዝ አይኾንም። ማቀነባበሪያ ካልተተከለ፣ ለጤና ጣቢያዎችም በቂ የሥራ መደብ ካልተፈቀደ፣ በማስተዋል የመረጠ ተማሪም ዲግሪውንና ዕዳውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከቆላው ይወጣል።